ያልደረስንላቸው

አፍሪካ መርሲ የሆስፒታል መርከብ ከመሆኗ በፊት ባቡር ታሻግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዴንማርክ ውስጥ ስትሠራ ስሟ ንግሥት ኢንግሪድ ነበር፤ ፉርጎዎችን ከነመንገደኞቻቸው ሆዷ ውስጥ እያስገባች ከደሴት ወደ ደሴት ታመላልስ ነበር። በኋላ ባሕሩ ላይ ድልድይ ተዘረጋና ሥራዋ አበቃ። መርሲ ሺፕስ የተባለው የክርስቲያኖች የሕክምና አገልግሎት ገዝቶ ለዓመታት አሠራትና በ2007 ወደ ምዕራብ አፍሪካ አሰማራት። ሐዲድ የነበረበት ወለል አምስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ሰማንያ ያህል አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል ሆነ። ሐኪሙም፣ መካኒኩም፣ ምግብ አብሳዩም በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ለሚያድርበትና ለሚበላው በየወሩ የሚከፍለውም ያኔ ራሱ ነበር።

እኔ በዚህች መርከብ በነርስነት ያገለገልኩት ማዳጋስካር ውስጥ ነው። ወላይታ ሶዶ ያለችው አጥቢያዬ እጅ ጭና የጸለየችልኝ ግን ለጊኒ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ላይ የጸሎት ቡድናችን እናቶች ካርታ አስመጥተው ኮናክሪን ፈልገው አገኙ። አንዷ በጣቷ ነክታው «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ቦታ ለልጃችን አዘጋጃት» ስትል አሁንም ድምፅዋ ይሰማኛል። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት ላይ፣ ጊኒ ውስጥ ኢቦላ መግባቱ ተነገረ። መርከቧ ወደ ቤኒን ትሄዳለች ተባለ፤ እናቶቹም ጣታቸውን ከኮናክሪ አንስተው ኮቶኑ ላይ አሳረፉ። ወረርሽኙ ግን ላይቤሪያና ሴራሊዮን ገብቶ ሰፋ፤ ነሐሴ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ብሎ አወጀው። ካናሪ ደሴቶች ላይ ቆማ ስትጠብቅ የነበረችው መርከብ ቤኒንንም ተወች። ሦስተኛው ስም ማዳጋስካር ሆነ፤ አፍሪካን ዞሮ፣ በሌላኛው ውቅያኖስ።

ሥራዬን ለቅቄ ነበር። ዕቃዬን ለእህቴ ሰጥቻለሁ፣ ሻንጣዬ በር ሥር ቆሟል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ገና ነሽ እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያ ግን አልነበረም የከበደኝ። ጊኒና ላይቤሪያ ውስጥ ነርሶች በሽተኛ ሲያነሱ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ እየሞቱ ነበር። እኛ ደግሞ ወደዚያ ልንሄድ ተጸልዮልን መንገድ ቀየርን። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ባለሙያ ነኝ። አራት መቶ ያህል ሰው፣ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ጭምር፣ ተጠጋግቶ በሚኖርበት መርከብ ላይ አንድ የኢቦላ ሕመምተኛ ቢገባ መለያ ቦታ የለም፤ ሆስፒታሉ ራሱ የበሽታ መናኸሪያ ይሆናል። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ቢሆንም ማታ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ እነዚያስ?» ከማለት አላረፍኩም። ኮቶኑ ውስጥ መርከቧ ትመጣለች ተብሎ የተነገራቸው፣ ዕጢው እያደገ መተንፈሻቸውን እየዘጋው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነሱን ለማን ትተን ነው ወደ ሌላ የምንሄደው?

ጥያቄውን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ከሶዶ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ፣ በእንሰት በተከበበ ጓሮ ውስጥ ትኖር ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ልቧ ግን ንቁ ነበር። አገር መቀያየሩን ስነግራት አልገረማትም። «ልጄ፣ ወንጌልን ያመጡልን ሰዎችም ወደ ጅማ ብለው ነበር የወጡት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በ1928 በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ በበቅሎ የተነሳው የሚስዮናውያን ቡድን ያሰበው ጅማን ነበር። መንገዱ በደቡብ አዞራቸው፤ የአካባቢው ገዢዎች ተቀበሏቸውና በከምባታ፣ በሲዳማና በወላይታ ሰፈሩ። ሶዶ ላይ ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ እኔ የተጠመቅሁባት አጥቢያ ካልታሰበ መንገድ የተገኘች ናት። አያቴ ይህን እንደ ተአምር አልነበረም የምታወራው። ዝናብ መጣ፣ እህል በቀለ እንደማለት አድርጋ፣ በተለመደ ድምፅ ነበር የምትነግረኝ። «ጅማም የራሱ ሰው ነበረው፤ ጌታ እሱንም አልረሳውም» ብላ ጨመረች። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው ከአገር የወጣሁት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልተርክም። ድጋፍ ማሰባሰብ እምነትን እንደሚፈትን ሁሉም የወንጌል መልእክተኛ ይናገራል፤ እውነትም ነው። የእኛ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ምእመኑ ከጠባብ ኪሱ ብር ያዋጣል፣ ብሩ ግን በቀላሉ ዶላር ሆኖ ከአገር አይወጣም። በዋሽንግተን አካባቢ ያለ የሐበሾች ጉባኤ ወርሃዊ ክፍያዬን ሊሸፍን ተስማማ፤ የሶዶዎቹ መዋጮ ደግሞ እናቴን እንዲረዳ ተደረገ። ከወር እስከ ወር ይደርስ ይሆን ብዬ የሰጋሁበት ጊዜ ነበር፤ ሳይደርስ የቀረበት ግን የለም። ስለ እንጀራዬ እግዚአብሔርን ማመን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ማዳጋስካር ላይ የጠበቀኝ ትምህርት ከዚህ ይከብድ ነበር።

በናይሮቢ አድርጌ አንታናናሪቮ ገባሁ፤ ከዚያ ሙሉ ቀን በመኪና ቁልቁል ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ወረድን። ደጋው ላይ ባሕር ዛፍ አየሁ፤ ቀይ አፈር፣ ሻኛ ያላቸው ከብቶች፣ በነጭ ጋቢ መሳይ ልብስ ትከሻቸውን የሸፈኑ ሽማግሌዎች አየሁ። ላምባ ይሉታል። ለአፍታ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር አየሩ እየሞቀ፣ እየረጠበ ሄደ፤ ቅርንፉድና ሙዝ፣ የሊቺ ፍሬ የከመሩ የመንገድ ዳር ሻጮች፣ የማያቋርጥ ዝናብ። ቱዋማሲና፣ ፈረንሳዮች ታማታቭ ያሏት ከተማ፣ የአገሪቱ ትልቁ ወደብ ናት። መርከባችን ከኮንቴይነር መርከቦች መሃል ነጭ ሆና ቆማ ነበር። ጥቅምት ላይ ነበር የደረሰችው።

ወደቡ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሁለት የዌልስ ወጣቶች አነበብኩ። ዴቪድ ጆንስና ቶማስ ቤቫን ይባላሉ፤ የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር ልኳቸው በ1818 ነሐሴ ወር እዚሁ የባሕር ዳርቻ ላይ ወረዱ። ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ልጆቹ ቶሎ ተማሩላቸው፤ ደስ ብሏቸው ሚስቶቻቸውንና ሕፃኖቻቸውን ሊያመጡ ወደ ሞሪሸስ ተመለሱ። ቤተሰቡን ይዘው ሲመጡ የዝናቡ ወራት ነበር፤ የባሕር ዳሩ ወባ ጠበቃቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ የጆንስ ሕፃንና ሚስቱ ሞቱ፣ የቤቫን ሕፃን ሞተ፣ ቤቫን ራሱ ሞተ፣ ሚስቱም ተከተለችው። ከሁለቱ ቤተሰቦች ጆንስ ብቻውን ቀረ፤ እሱም በትኩሳት የነደደ፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው።

እኔ በየማለዳው የወባ መከላከያ ክኒኔን እየዋጥሁ፣ በር ላይ ባለው ማቀዝቀዣ ነፋስ ውስጥ እያለፍኩ ወደ ሥራዬ እገባ ነበር። እነሱ ያለ ምንም መከላከያ ያረፉበት አሸዋ ከመርከቡ ወለል ይታያል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ቶሎ ወደ ድሉ የመሮጥ ልማድ አለ። ጆንስ በ1820 ተመልሶ ወደ ደጋው ወጣ፣ ንጉሥ ራዳማ ተቀበለው፣ ትምህርት ቤቱ ሰፋ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ተተረጎመ ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። የቤቫን ሚስት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየችም። ልጇንና ባሏን ቀብራ፣ ሥራው ገና ሥር ሳይሰድድ ነው የሞተችው። ለእሷ እግዚአብሔርን ማመን ምን ይመስል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ታሪኩ የሚያምረው ለእኛ ነው፤ እሷ የነበራት የጌታ ስም ብቻ ነበር።

የዋርዱ ሕይወት ደስታ የሞላበት ነበር። ከደጋው፣ ከደቡቡ፣ ከሰሜኑ የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከአገጩ ላይ ያደገ ዕጢ ፊቱን የሸፈነው ሽማግሌ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን፣ በልጅነቱ ቃጠሎ ክንዱ ከደረቱ ጋር የተጣበቀ ወጣት፣ እግሩ የተቆለመመ ልጅ። ዕጢ ያለባቸው ሰዎች ሲመጡ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው። ለዓመታት ሰው አይቷቸው ሲሸሽ የኖሩ ስለሆኑ ነርስ ቀርቦ ዓይን ዓይናቸውን ሲያያቸው ይደነግጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያን ጨርቅ በራሳቸው እጅ የሚያነሱበት ቀን ይመጣል፤ ለእኔ ፈውሱ ከዚያ ቀን ይጀምር ነበር። እሑድ ጠዋት ዋርዱ ውስጥ አምልኮ ሲሆን የማላጋሲዎቹ ዝማሬ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሳያጠኑ በአራት ድምፅ የሚዘምር ሕዝብ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ደም ባንክ አልነበረንም፤ የመርከቡ ሰዎች ራሳችን ነበርን ባንኩ። የደም ዓይነታችን ተመዝግቦ፣ በሌሊት ሲያስፈልግ ከካቢናችን ተጠርተን እንሰጣለን። አንድ ሌሊት ተጠርቼ፣ ከክንዴ የወጣው ደም ገና ሳይቀዘቅዝ ኮሪደሩን ተሻግሮ ወደ ቀዶ ክፍሉ ሲሄድ አየሁ። በማግስቱ ተረኛ ስሆን ያ ሰው ነቅቶ ነበር። አልነገርኩትም። የሙቀት መጠኑን ለካሁና ፈገግ አልኩለት፤ እሱም በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

የፊስቱላ ሕመምተኞቹ ሲድኑ የሚደረገውን በዓል ሳላነሳ አላልፍም። በምጥ መርዘም ተጎድተው፣ ሽንት መቋጠር አቅቷቸው፣ ከባልና ከሰፈር የተገለሉ ሴቶች ደርቀው የሚወጡበት ቀን አዲስ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ይዘመራል፣ እያንዳንዷ ምስክርነቷን ትሰጣለች። አዲስ አበባ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልም ሴቶቹ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነው ወደ ቤታቸው የሚሸኙት፤ ተማሪ ሳለሁ አይቻለሁ። ካትሪን ሐምሊንና ባለቤቷ ሬጅናልድ በ1959 ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። እሱ በ1993፣ እሷ በ2020 እስኪያርፉ የእኛ ሆነው ኖሩ። ለእኔ የእግዚአብሔር እጅ በሰው እጅ ሲሠራ ማየት ማለት እነሱን ማየት ነበር። ቱዋማሲና ላይ አንዲት የዳነች ሴት እጄን ይዛ ስትጨፍር፣ አንድ ዘመድ አገሬ ውስጥ የጀመረው ሥራ እዚህ ቀጥሎ ያገኘሁት ያህል ተሰማኝ።

እምነቴን ያስተማረኝ ግን የልየታ ቀን ነው።

መርከብ ሁሉን አይችልም። የካንሰር ሕክምና የለም፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የለም፣ የአንጎል የለም። ስለዚህ ሕዝቡ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ ነርሶች አጥር በር ላይ ቆመን እናያለን፤ ሊረዳ የሚችለው ወደ ውስጥ ያልፋል፣ የማይቻለው ይነገረዋል። ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ያድራል። ሲነጋ ሰልፉ መጨረሻው አይታይም። በዚያ በር ላይ መቆም ከባድ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ ጸልየውልኝም ነበር።

አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ መጣች። ለሰባት ዓመት ልጅ ትንሽ ነው። ስታወርደው ጥቂት ተራመደና ቁጢጥ አለ፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ተነሣ፣ እንደገና ተራመደ፣ እንደገና ቁጢጥ አለ። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ሰማያዊ ናቸው፤ የጣቶቹ ጫፍ አብጧል። የልብ አፈጣጠር ችግር እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ሐኪም ጠራሁ፤ ሐኪሙ አዳመጠው፣ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። መናገር የእኔ ሥራ ነበር።

አስተርጓሚዬ በሃምሳዎቹ ያለች የቱዋማሲና ሴት ነበረች። ቃሌን ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ ነገረቻት። እናትየዋ አላለቀሰችም። ልጇን ወደ ራሷ ስባ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አስተርጓሚዋ ለአፍታ ዝም ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «እግዚአብሔር እዚህ ድረስ ያመጣን ሊመልሰን ነው?» ነው የምትለው።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም፤ ያለው ሰው ካለ ያቺን እናት አላያትም ብዬ አምናለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ይጠብቃል። ለተመለሱ ሰዎች የተዘጋጀ፣ ከጎን የተተከለ ድንኳን ነበረን፤ ውሃ ጠጥተው፣ የሚፈልጉ ጸሎት ተደርጎላቸው የሚሄዱበት። አስተርጓሚዬ የሥራ ባልደረቦቿን ጠርታ ቦታዋን አስያዘችና እናቱን ይዛ ወደዚያ ሄደች። ረፍት ሳገኝ ተከተልኳቸው። መሬት ላይ አብረው ተቀምጠዋል፤ ልጁ በአስተርጓሚዋ ጭን ላይ ተኝቷል፣ እሷ በዝግታ ታዜማለች፣ እናትየዋ አሁን ታለቅሳለች።

በኋላ ነው ያቺ ሴት ማን እንደሆነች የገባኝ። በ1894 ሶአታናና በምትባል መንደር ራይኒሶአላምቦ የተባለ፣ ቀድሞ ባህላዊ መድኃኒተኛ የነበረ ሰው በሕመም አልጋው ላይ ወደ ክርስቶስ ተመለሰ፤ ከእሱ የተነሳው መነቃቃት ዛሬ በመላ አገሪቱ አለ። ከዚያ መነቃቃት የሚወጡ፣ ነጭ ልብስ የሚለብሱ፣ ምፒያንድሪ የሚባሉ እረኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ቄስ ያልሆኑ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶች ናቸው። ቶቢ በሚሏቸው ሰፈሮች ሕሙማንን ይቀበላሉ፤ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ይጸልያሉ፤ ሰው የሸሸውን የአእምሮ ሕመምተኛ አብረው ያኖራሉ። አስተርጓሚዬ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። እናቲቱ በምትኖርበት ወረዳ የምታውቃቸው እረኞች ስላሉ ስማቸውን ጽፋ ሰጥታታለች። ስለዚያ ልጅ ለብዙ ቀናት እንቅልፍ እንዳጣሁ ስታይ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። እኛ እዚህ ነን። ከእናንተ በፊትም ነበርን።»

ይህ ተግሣጽ አልነበረም። በፍቅር ነበር የተናገረችው፤ የአገሯን ታሪክም ይዛ ነው። በ1835 ንግሥት ራናቫሎና ክርስትናን በአዋጅ ከለከለች። በዚያው ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ በማላጋሲ ተጠናቅቆ ታትሞ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን መጻሕፍቱን ለምእመናኑ ትተው አገሪቱን ለቀቁ። ራሳላማ የምትባል ሴት በ1837 በጦር ተወግታ ሞተች፤ የማዳጋስካር የመጀመሪያዋ ሰማዕት እሷ ናት። በ1849 ሌሎች ከገደል ተወረወሩ፣ ሌሎች በእሳት ተቃጠሉ። መጻሕፍቱ መሬት ውስጥ ተቀበሩ፣ ሌሊት ተቆፍረው ተነበቡ። ንግሥቲቱ በ1861 ስትሞትና ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ፣ ትተውት ከሄዱት በብዙ እጥፍ የበዛ ሕዝብ ቆይቷቸዋል።

ራሳላማ በሞተች በመቶ ዓመቱ፣ በ1937፣ በእኛ አቆጣጠር 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጣልያን ሚስዮናውያኑን ከሶዶ አስወጣ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በወላይትኛ የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የቃሉ ክፍሎች ናቸው። ከዚያ ስደቱ መጣ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፣ ሽማግሌዎች ታሰሩ፣ ከአማኞቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ዋንዳሮ በአደባባይ ተገረፈ። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ነጮቹ እያለቀሱ ሲሄዱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ማየቷን ትነግረን ነበር፤ እስር ቤት ላሉት ምግብ ተሸክማ መመላለሷን ጭምር። ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ አማኙ ወደ አሥር ሺህ ደርሶ ነበር።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በመዝሙርም በስብከትም ሰምቼዋለሁ። ቱዋማሲና ላይ ግን ከሌላኛው ወገን አየሁት። ሶዶን ለቅቀው የሄዱት ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው ያዩት አሥር ሺውን አይደለም። ያዩት አርባ ስምንት ሰው፣ አንድ ቀጭን የማርቆስ ወንጌል፣ የእናቷን ቀሚስ የያዘች አንዲት ሕፃን ነው። ያቺን ሕፃን ለእግዚአብሔር ሰጥተው መሄድ ነበረባቸው፤ ሌላ ምንም በእጃቸው አልነበረም። እኔ የተተዉት የልጅ ልጅ ነኝ። ሰዎች በማይችሉበት ሰዓት እግዚአብሔርን አምነው ጥለዋቸው የሄዱት ልጆች ወገን ነኝ፤ እሱም አልጣለንም። ያቺን እናትና ሰማያዊ ከንፈር ያለውን ልጇን ለማን እንደምተው የማውቀው ከዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየልየታው ቀን ማታ፣ ሁለት ደቂቃ የተፈቀደችልንን ሻወር ወስጄ፣ ወደ ላይኛው ወለል እወጣና የተመለሱትን አንድ በአንድ አነሣ ነበር። ስማቸውን አብዛኛውን ጊዜ አላውቀውም። ጡቷ ላይ ዕጢው ፈንድቶ የመጣችውን፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ከማይድን ደረጃ የደረሱበትን ሽማግሌ፣ ራሱ በውሃ ያበጠውን ሕፃን። ኮናክሪንና ኮቶኑን ጨምሬ። ጸሎቴ አጭር ነበር፦ ያንተ ናቸው። ይህን ስል ልቤ እረፍት ያገኘበት ማታ አለ፤ ሳያገኝ ወርጄ የተኛሁበትም ብዙ ነው። ማመን ከዕረፍቱ ጋር አንድ እንዳልሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። ልብ ሳያርፍም ሰውን በእግዚአብሔር እጅ ማኖር ይቻላል፤ ምናልባት ይበልጡን ያኔ ነው።

መርከቧ በ2016 ማዳጋስካርን ለቅቃ ዞሮ ዞሮ ቤኒን ገባች። በ2018 ደግሞ ኮናክሪ። የሶዶ እናቶች ካርታው ላይ በጣታቸው የነኩት ቦታ ከአራት ዓመት በኋላ ተደረሰበት፤ በሌሎች ነርሶች እጅ። ዜናውን ስሰማ አመሰገንኩ። በዚያ መካከል ኢቦላ ከ11,000 በላይ ሰው ወስዷል፤ በኮቶኑ ሲጠብቁ ከነበሩት ዕጢው ያልጠበቃቸውም ይኖራሉ። አንዱን በሌላው አላካክስም። ሁለቱንም በአንድ ጸሎት ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አያቴ አርፋ ነበር። አጥቢያዬ ምስክርነት እንድሰጥ እሑድ ቀን ሰጠችኝ። እንደ ሕጉ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ጠየቁኝ፤ ስንት ሰው ዳነ፣ ስንት ሰው አየ፣ ስንት ሰው ተራመደ። በምስክርነታችን የዳኑትን ብቻ የመቁጠር ልማዳችን ያሳዝነኛል፤ ያልዳነ ልጅ ያላት እናት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማለችና። ስለዚህ የዳኑትን በደስታ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ዝማሬው፣ ስለ ደሙ። ከዚያ ስለ በሩ ነገርኳቸው። ስለ ልጁ፣ ስለ እናቱ ጥያቄ፣ ስለ አስተርጓሚዬ ቃል።

ጉባኤው ጸጥ አለ። ከፊት ወንበር አንድ አባት ተነሡ፤ አባታቸው በጣልያን ዘመን ከታሰሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። «እኛንም ሰው ትቶን ሄዶ ያውቃል» አሉ። ከዚያ በወላይትኛ መጸለይ ጀመሩ፤ ለማያውቁት ልጅ፣ ለእናቱ፣ ለነጭ ለባሾቹ እረኞች፣ ልየታው ላይ ለተመለሱት ሁሉ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ጉባኤው ቆሞ አብሮ ጸለየ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሲጨርሱ መጋቢው ለሚቀጥለው የወንጌል መልእክተኛ መባ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከአጥቢያችን ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር። የመባው ሻሽ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ የጣልኩበትን ጥዬ ለጎረቤቴ አሳለፍኩ።